የጋራዥ ጥያቄና መልስ፦ ዘይቱ ሽቦ ውስጥ ምን ይሠራል?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱን መርጫለሁ። አራቱም ዘይትና ሽቦ ተገናኝተው ስላመጡት ጣጣ ናቸው። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ ስለሚፈልግ ገጹን በብዛት የሚወስደው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምጽፍልዎት ከደብረ ብርሃን ነው። ላንድሮቨር ዲፌንደር 110 አለኝ። እ.ኤ.አ. የ2003 ስሪት ሲሆን ሞተሩ ቲዲ 5 ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልሰጠው ቆሞ ሲሠራ) ይንቀጠቀጣል፤ ሲሞቅ ይብስበታል። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ስወጣ ጉልበት ያጣና ሚስ ያደርጋል (እየተቆራረጠ ይሠራል)። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይጎትታል። አንድ ጋራዥ የናፍጣ ፊልትሮ ቀየሩልኝ፤ ለውጥ የለም። ሌላ ጋራዥ ወንበሩን አንስተው ሞተሩን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ላይ የሚሰካውን ቀይ ሶኬት ሲነቅሉት ውስጡ የሞተር ዘይት ነው። በቤንዚን አጠቡልኝ፤ መኪናው አዲስ ሆነ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ያው ነው። ድጋሚ ታጠበ፣ ድጋሚ መጣ። አሁን «ኮምፒውተሩ ሞቷል፣ ይቀየር» እያሉኝ ነው። ሞተሩ ያለው ፊት፣ ኮምፒውተሩ ያለው ወንበር ስር። ዘይት እንዴት እዚያ ይደርሳል? ኮምፒውተሩንስ ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ። ቢያንስ ይህን አንብበው እስኪጨርሱ ኪስዎን አይንኩ።

የመኪናዎ ሕመም በደንብ የታወቀ ነው። ቲዲ 5 እ.ኤ.አ. በ1998 ነው የወጣው። ዲስከቨሪ 2 ላይ እስከ 2004፣ ዲፌንደር ላይ ደግሞ እስከ 2007 ተገጥሟል። ይህ የዘይት ጉዳይ በእንግሊዝም በአፍሪካም ከሞተሩ ጋር አብሮ የኖረ ነው። ጠንካራ ሞተር ነው፤ እኔ በግሌ እወደዋለሁ። ግን ይህቺ አመል አለችው።

ምክንያቱ ኢንጀክተሮቹ፣ ማለትም ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጩት ክፍሎች፣ የተቀመጡበት ቦታ ነው። ከቲዲ 5 በፊት የነበሩት ናፍጣ ላንድሮቨሮች ለብቻው የቆመ የናፍጣ ፓምፕ ነበራቸው። ናፍጣው በብረት ቱቦ ወደ ኖዝሎቹ ይሄዳል፤ ኤሌክትሪክ ብዙም ጉዳይ የለውም። ቲዲ 5 ላይ ግን አምስቱም ኢንጀክተሮች እያንዳንዳቸው ፓምፕ ናቸው። ካምሻፍቱ (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ዘንግ) ይጫናቸዋል፤ ናፍጣውን ወደ 1500 ባር ገደማ ያደርሱታል። መቼና ምን ያህል እንደሚረጩ የሚያዝዛቸው ኮምፒውተሩ ነው። ስለዚህ ሽቦ ሊደርስላቸው ግድ ነው። እነሱ ያሉት ደግሞ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ራስ) በላይ ባለው ክዳን ውስጥ፣ ትኩስ ዘይት በሚረጭበት ቦታ ነው። በአጭሩ፣ ሽቦው ዕድሜውን ሙሉ ዘይት ውስጥ ይኖራል።

የመኪና ሽቦ ቆርጠው ቢያዩ አንድ ወጥ መዳብ አይደለም። ብዙ ቀጫጭን ክሮች ናቸው፤ ከላያቸው ፕላስቲክ ለብሰዋል። በክሮቹ መካከል ክፍተት አለ። የኩራዝ ክር ላምባውን እየሳበ ወደ ላይ እንደሚያወጣው፣ እነዚህም ክሮች ዘይቱን እየሳቡ ይወስዱታል። ጫፉ ላይ ያለው መዝጊያ በሙቀትና በዕድሜ ሲደክም ዘይቱ ይገባል። አንዴ ከገባ ፕላስቲኩ ወደ ውጭ አያስወጣውም፤ ያለው መንገድ ወደፊት ብቻ ነው። በሞተሩ ውስጥ ያለው የጋዝ ግፊትም ከኋላ ይገፋዋል። መጀመሪያ ቴስታታው ላይ ወዳለው ሶኬት ይደርሳል። ከዚያ ወደ ዋናው የሽቦ ጥቅል ይሻገራል። ቀስ እያለ ወንበርዎ ስር ይመጣል። ሽቦውን ከውጭ በእጅዎ ቢዳብሱት ደረቅ ነው። ጋራዦቹን ያደናገራቸውም ይኸው ነው።

ብዙ ሰው «ዘይቱ ሾርት አደረገው» ይላል። እንዲህ አይደለም። ንጹሕ ዘይት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ዘይቱ በሶኬቱ ወንዴና ሴቴ ፒን መካከል ገብቶ ግንኙነቱን ያቋርጣል። መኪናው ሲንቀጠቀጥ አንዴ ይነካል፣ አንዴ ይለቃል። የናፍጣ ሞተር ዘይት ደግሞ ጥላሸትና ቆሻሻ ስለሚይዝ ፒኑ ላይ ይጋገራል። በዚያ ቀይ ሶኬት የሚያልፉት የኢንጀክተሮቹና የሞተሩ ሴንሰሮች ሽቦዎች ናቸው። የሴንሰር ምልክት በጣም ትንሽ ቮልት ስለሆነ ቀጭን የዘይት ሽፋን እንኳ ያዛባዋል። እርስዎ የጻፉት «ይጠፋል፣ ይመለሳል» ዓይነት ጠባይ የሚመጣው ከዚህ ነው። ኮምፒውተሩ አልሞተም። ቢሞት ኖሮ ሶኬቱ በታጠበ ቁጥር መኪናው አይድንም ነበር።

ኮምፒውተር መቀየር ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። የእያንዳንዱ ኢንጀክተር ኮድ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተጽፏል፤ እንደ ሞተሩ ዓይነት ሦስት ወይም አምስት ፊደል ነው። ከሌላ መኪና የተነቀለ ኮምፒውተር ካመጡ ኮዶቹ እንደገና መጻፍ አለባቸው። ከስርቆት መከላከያው ጋርም መተዋወቅ አለበት፤ አለበለዚያ ሞተሩ አይነሳም። ይህን ሁሉ ከፍለው ከጨረሱ በኋላ ዘይቱ አዲሱም ኮምፒውተር ዘንድ ይመጣል። ማን ሊያስቆመው?

አሁን ወደ ሥራው። በመጀመሪያ ቴስታታው ላይ ያለውን የኢንጀክተር ሶኬት ያስነቅሉ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ወጥቶ፣ የባትሪው ነጌቲቭ ተነስቶ መሆን አለበት። ሞተር እየሠራ የኢንጀክተር ሶኬት የሚነቅል ሰው ካዩ መኪናዎን ይዘው ይውጡ። የሶኬቱን ውስጥ በባትሪ መብራት ይዩ። ውስጡ፣ ፒኖቹ መሃል ዘይት ካለ ምርመራው አለቀ፤ ዘይቱ የሚመጣው ከክዳኑ ስር ባለው ሽቦ ነው። ሶኬቱ ከውጭ ብቻ ረጥቦ ውስጡ ደረቅ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ምናልባት የክዳኑ ጋስኬት (በክዳኑና በቴስታታው መካከል ያለው መዝጊያ) ያንጠባጥባል። ይህን ሳይለዩ መለዋወጫ አይግዙ።

መፍትሔው ከክዳኑ ስር ያለውን የኢንጀክተር ሽቦ በሙሉ በአዲስ መቀየር ነው። ቁጥሩ ኤ ኤም አር 6103 ነው፤ ሻጩን በዚህ ይጠይቁት። ሶማሌ ተራ ሄደው ያገለገለ እንዳይገዙ። ያገለገለ ሽቦ ማለት ዘይት የጠጣ ሽቦ ማለት ነው፤ የሸሹትን በሽታ በገንዘብዎ መልሰው ይገዛሉ። ከአጠቃላዩ ወጪ አንጻር ይህ ሽቦ ትንሽ ነገር ነው። ለንደን ወይም ዱባይ ዘመድ ካለዎት በሻንጣ ጥግ ይመጣል።

ሥራው ለለመደ መካኒክ የግማሽ ቀን ነው። ክዳኑ ይነሳል፤ ከአምስቱ ኢንጀክተሮች ላይ ሶኬቶቹ ይነቀላሉ፤ የድሮው ሽቦ ወጥቶ አዲሱ ይገባል። ሦስት ነገር ላይ ቆመው ይዩ። አንደኛ፣ ኢንጀክተሮቹ ላይ ያለው ፕላስቲክ በሙቀት ደርቆ ስለሚሰባበር በካቻቢቴ እንዳይጎረጉሩት። ሁለተኛ፣ አዲሱ ሽቦ ከሚንቀሳቀሱት ክፍሎች ርቆ በመያዣዎቹ ውስጥ በትክክል ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ የክዳኑ ብሎኖች የሚጠብቁት በ10 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው። እኛ አገር ብሎን ካልጮኸ የጠበቀ አይመስለንም። ክዳኑ አልሙኒየም ነው፤ ይሰነጠቃል። ጋስኬቱ ተጠፍጥፎ ከሆነ አብሮ ይቀየር።

ቀጥሎ እጥበቱ። የቴስታታው ሶኬት ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደው ጎንና ቀዩ የኮምፒውተር ሶኬት ይታጠባሉ። በቤንዚን አይደለም። ወንበር ስር፣ ከኤሌክትሪክ አጠገብ ቤንዚን ማርከፍከፍ ምን ዓይነት ድፍረት እንደሆነ አይገባኝም። እሳቱ ቢቀር እንኳ የሶኬቱን ጎማ ያሳብጠዋል። ለኤሌክትሪክ ግንኙነት ማጽጃ ተብሎ የተሠራ ስፕሬይ አለ፤ ኮንታክት ክሊነር ብለው ይጠይቁ። ሶኬቱን ወደ ታች አዘቅዝቀው ይርጩት፣ ይፍሰስ፣ ይድረቅ፣ ይደገም። ኮምፒውተሩ ላይ ያሉትን ፒኖች ግን በጨርቅና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ያጽዱ። በኮምፕሬሰር አይንፉበት፤ ዘይቱን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ሶኬቱን በግሪስ ወይም በሲሊኮን የሚደፍኑም አሉ። ዘይቱ መውጫ ያጣል እንጂ መምጣቱን አይተውም።

ይህን ያዳምጡኝ፦ አዲሱ ሽቦ ከገባ በኋላም ቀዩ ሶኬት ላይ ዘይት ይመጣል። አይደንግጡ፣ ከመካኒኩም ጋር አይጣሉ። ከቴስታታው እስከ ወንበርዎ ያለው ረጅሙ ሽቦ ቀድሞ የጠጣውን ነው የሚተፋው። በሳምንቱ ነቅለው ይጥረጉ፤ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ። መጠኑ እየቀነሰ መሄድ አለበት። መቀነሱን ለማወቅ ነጭ ሶፍት ጠቅልለው ሶኬቱ ውስጥ ይጫኑና የሚቀረውን እድፍ ያስተያዩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ከቆመ ጥሩ። ሳይቀንስ ከቀጠለ የቴስታታውን ሶኬት እንደገና ይክፈቱ፤ እዚያ አዲስ ዘይት ካለ የተገጠመው ሽቦ ጥራት የለውም ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ዘይት በቀየሩ ቁጥር ሁለቱንም ሶኬቶች ማየት ልማድ ያድርጉት።

ደግሞ እንዳይመለስ ሁለት ነገር ይጨመር። ከክዳኑ ወደ አየር ማስገቢያው የምትሄደውን የመተንፈሻ ቱቦ ያስጸዱ። እሷ ከተደፈነች የሞተሩ የውስጥ ግፊት ይጨምራል፤ ዘይቱም ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ ይወጣል። ሌላው፣ የዘይት መለኪያ ዘንግዎን ይከታተሉ። ዘይቱ ሳይጨመርበት ከፍ እያለ ከሄደና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ የኢንጀክተሮቹ መዝጊያ ቀለበቶች ናፍጣ እያሳለፉ ነው። በናፍጣ የቀጠነ ዘይት ሽቦ ውስጥ መሮጥ ይቀለዋል፤ ከዚያ በላይ ግን ሞተሩን ራሱን ይጎዳል። እንዲህ ከሆነ ክዳኑ አንዴ ተነስቶ እያለ ቀለበቶቹም አብረው ይቀየሩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አዳማ ሆኜ የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ እየተማርኩ ነው። አሠሪዬ ዘይት የሚያሻግር ሽቦ ሲያጋጥመው ሽቦውን ልጦ መሃሉ ላይ በሳልዳ (ሽቦ በሚበየድበት ቀልጦ በሚፈስ ብረት) ይሞላዋል። «ዘይቱ እዚህ ይቆማል» ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አሠሪህ የሚያውቀውን ነው የሚሠራው። ዘይቱ የሚሄደው በክሮቹ መካከል ባለው ክፍተት ነው። ሳልዳው ክፍተቱን ከሞላው መንገዱ ተዘጋ። ሐሳቡ ትክክል ነው።

አሠራሩ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዘይት የጠጣ ሽቦ ሳልዳ አይዝም። መጀመሪያ የተላጠውን ቦታ በማጽጃ ደጋግመህ እጠበውና መዳቡ አብረቅርቆ ይታይህ። ሳልዳው ከላይ የተንጠለጠለ ጉብታ ሳይሆን ክሮቹ ውስጥ ሰርጎ የገባ መሆን አለበት። ከላዩ ውስጡ ሙጫ ያለው፣ በሙቀት የሚኮማተር ሽፋን አልብሰው፤ ኤሌክትሪክ ቴፕ ዘይት ሲነካው ይላቀቃል።

ሁለተኛው ነገር ቦታው ነው። ሳልዳ የገባበት ሽቦ ይደርቃል፣ መተጣጠፍ አይችልም። ሁልጊዜ በሚንቀጠቀጥ ቦታ ላይ ከሠራኸው ልክ ሳልዳው በሚያልቅበት ጠርዝ ላይ ይሰበራል። ስለዚህ ከሞተሩ ራቅ ብሎ፣ ሽቦው አካል ላይ ታስሮ በማይንቀሳቀስበት ቦታ አድርገው። ከቴስታታው ክዳን ውስጥ በፍጹም። እዚያ ውስጥ ተቀጥሎ ተበጥሶ የወደቀ የሽቦ ቁራጭ ካምሻፍቱ ጋር ምን እንደሚያደርግ አስበው።

አንድ ነገር ደግሞ በሚተርህ እየው። ቲዲ 5ን የመሰሉ ሞተሮች ላይ ኢንጀክተሩ ውስጥ ያለው ኮይል ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት መጠን) ከአንድ ኦም ያነሰ ነው። ደካማ ሳልዳ ግማሽ ኦም ቢጨምርበት ያ ኢንጀክተር ከሌሎቹ የተለየ መሥራት ይጀምራል። ዘይቱን አቁመህ ሞተሩን ሚስ አስደረግኸው ማለት ነው። አዲስ ሽቦ በሚገኝበት መኪና ላይ አዲሱን ግጠም። ሳልዳው ጥሩ የሚሆነው ሽቦው አገር ውስጥ ሲጠፋና መኪናው መሄድ ሲኖርበት ነው። እንደ ኢቬኮ ትራከርና ቮልቮ ኤፍ ኤች ባሉ ከባድ መኪኖችም ኢንጀክተሮቹ ከክዳኑ ስር ስለሆኑ አንተ ሥራ ላይ ደጋግመህ ታገኘዋለህ። ኮምፒውተር ከመጠርጠርህ በፊት የቴስታታውን ሶኬት ክፈት።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ፣ ገርጂ። መርሴዲስ ኤም ኤል 270 ሲዲአይ ነው የምነዳው፣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አውቶማቲክ ነው። አንዳንዴ አንድ ማርሽ ላይ ተቆልፎ ይቀራል። ሞተሩን አጥፍቼ ሳስነሳው ይስተካከላል። የካምቢዮው ኮምፒውተር ሶኬት ውስጥ ዘይት አለ ተባልኩ። የሞተር ዘይት እንዴት እዚያ ገባ?

መልስ፦ እህቴ፣ በነጭ ሶፍት ያስጠርጉትና ቀለሙን ይዩ። ቀላ ካለ የሞተር ዘይት አይደለም፤ የካምቢዮው የራሱ ዘይት ነው። የእርስዎ መኪና ባለ አምስት ማርሹን 722.6 ካምቢዮ ነው የያዘው። ካምቢዮው በስተቀኝ ጎኑ ክብ ሶኬት የሚገባበት የፕላስቲክ ቡሽ አለው። ቡሹ ላይ ሁለት የጎማ ቀለበቶች አሉ። እነሱ ሲደርቁ ዘይቱ ወደ ሶኬቱ ይገባል፤ ከዚያ በሽቦው ክሮች ተስቦ ኮምፒውተሩ ድረስ ይሄዳል። ከላይ ለደብረ ብርሃኑ አንባቢ የጻፍኩት ሁሉ እዚህም ይሠራል።

ደስ የሚለው ቡሹ ርካሽ መሆኑ ነው። ካምቢዮው አይወርድም፤ መኪናው ተነስቶ ከስር ይቀየራል። ሶኬቶቹ ይታጠባሉ፤ ለጥቂት ጊዜ ትርፉ መምጣቱ አይቀርም። «ካምቢዮው ይፈታ» የሚልዎት ካለ ከቡሹ ይጀምር በሉት። የጎደለው ዘይት ሲሞላ ግን ጠንቀቅ ይበሉ፤ መኪናው ላይ የዘይት መለኪያ ዘንግ የለም፣ ቱቦው ብቻ ነው ያለው። የሚለካው በልዩ ዘንግ፣ ዘይቱ ሲሞቅ ነው። 236.14 የሚል የመርሴዲስ ፈቃድ ያለው ዘይት ይግዙ። ቀይ የሆነ ሁሉ አንድ አይደለም።

ጥያቄ፦ ከአርባ ምንጭ። የኔ ላንድክሩዘር 1 ኤች ዜድ ሞተር ነው። ይህ ነገር እኔም ላይ ይመጣል?

መልስ፦ ኢንጀክተር ላይ አይመጣም። የእርስዎ 4.2 ሊትር ሞተር ናፍጣውን የሚያከፋፍለው በሜካኒካል ፓምፕ ነው፤ ከክዳኑ ስር ምንም ሽቦ የለም። አንድ ቦታ ብቻ ይዩ፦ የዘይት ግፊት ሴንሰሩን። ውስጡ ያለው ሽፋን ሲቀደድ ዘይቱ በተርሚናሉ በኩል ይወጣና ሽቦው ላይ ይታያል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መለኪያም መዋዠቅ ይጀምራል። ሴንሰሩን ይቀይሩ፣ ሽቦውን ይጥረጉ። ቀይረውም መለኪያው ዝቅ ካለ ትክክለኛውን ግፊት በሜካኒካል መለኪያ ያስለኩ፤ ያን ጊዜ ነገሩ የሽቦ አይደለም።